በቤትዎ ያለ ኮምፕሬሰር፦ ከብስክሌት ጎማ እስከ ስፌት ማሽን

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ማለዳ ጎማው ተንፍሶ ያገኘዋል። የእጅ መንፊያው ደግሞ ያን ዕለት ወይ ጎረቤት ተውሶታል፣ ወይ የውስጥ ላስቲኩ አልቋል። ባለ 24 ሊትር ኮምፕሬሰር (አየር ጨምቆ የሚያጠራቅም ማሽን) የገዛሁት ለዚህ ብቻ ነው ብል ማንም አያምነኝም፤ ባለቤቴም አላመነችኝም። ዛሬ ግን ከእኔ ይልቅ እርሷ ናት የምታስነሣው፤ ለስፌት ማሽኗ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ኮምፕሬሰር ቤት ውስጥ ጉዳት የሚያደርሰው ጉልበቱ አንሶ ሳይሆን በዝቶ ነው። ጎማ የሚፈነዳው፣ ግራሶ ከኩሽኔታ ውስጥ ተገፍቶ የሚወጣው፣ የኮምፒውተር ማራገቢያ የሚሰበረው ግፊቱ ሳይቀነስ አየሩ ስለሚለቀቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ለእያንዳንዱ ሥራ የምጠቅሰው የባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ቁጥር አየሩን ከመልቀቅዎ በፊት መስተካከል ያለበት ነው።

ማሽኑን ማወቅ

ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ ከ24 እስከ 50 ሊትር የሚይዝ ታንከር፣ ከ1.5 እስከ 2 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርና ሁለት የግፊት መለኪያዎች አሏቸው። አንደኛው መለኪያ ታንከሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ያሳያል፤ ሁለተኛው ወደ ቱቦው የሚወጣውን። በሁለቱ መካከል ያለው የሚዞር ቁልፍ የግፊት መቆጣጠሪያው ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁልፍ ከገዛበት ቀን ጀምሮ አይነካውም፤ ማሽኑ ውስጥ ካለው ሁሉ ግን ዋናው እርሱ ነው።

ታንከሩ 8 ባር ገደማ ሲደርስ ሞተሩ ራሱን ያጠፋል፤ ወደ 6 ባር አካባቢ ሲወርድ እንደገና ይነሣል። ሲጠፋ የሚሰማው አጭር የአየር ትንፋሽ ብልሽት አይደለም፤ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ጫና እንዲነሣ የተጨመቀው አየር ከፒስተኑ ራስ ላይ ሲለቀቅ ነው። ቀለበት የተንጠለጠለበት ትንሽ የናስ ቫልቭም ያያሉ። አውቶማቲኩ ማጥፊያ ቢበላሽ ታንከሩ እንዳይፈነዳ አየሩን የሚያስወጣው እርሱ ነው። በወር አንድ ጊዜ ቀለበቱን ሳብ አድርገው መሥራቱን ያረጋግጡ። የሚያፈስ ከሆነ በአዲስ ይቀይሩት እንጂ በቡሎን አይድፈኑት።

ስለ ቁጥር ካነሣን ዘንድ፦ ጎሚስታው «ሠላሳ ልንፋልህ?» ሲል ፒኤስአይ፣ ሌላውን የግፊት አሃድ፣ ማለቱ ነው። አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። 2 ባር 29፣ 3 ባር 43.5 ይሆናል።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «በደቂቃ 200 ሊትር» የሚለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ማሽኑ የሚስበውን እንጂ የሚሰጠውን አየር አያመለክትም። የእኛ አገር ከፍታም ይጨመርበታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ ሩብ ይጠጋል። ማሽኑ የሚስበው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ታንከሩን ለመሙላት መመሪያው ከሚለው በላይ ጊዜ ቢወስድበት ተበላሽቷል ብለው አይፍቱት።

ከመጀመሪያው ማስነሣት በፊት

ደልዳላና ነፋስ የሚገባበት ቦታ ያስቀምጡት። ዘይት የሚጠቀም ዓይነት ከሆነ በጎን ባለው መስታወት ውስጥ ዘይቱ ቀዩ ነጥብ ላይ መድረሱን ይዩ። የሚሞላው የኮምፕሬሰር ዘይት ነው፤ ከመኪና የተረፈ ዘይት አይደለም። አዲስ ከሆነ ከታንከሩ ሥር ያለውን የውሃ ማስወገጃ ከፍተው፣ አየር ሳይጠራቀም፣ መመሪያው ለሚለው ጊዜ በባዶ ያሠሩት፤ ብዙዎቹ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይላሉ።

ቀጣዩ ነገር ኤሌክትሪክ ነው፤ ብዙ ሞተር የሚቃጠለውም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ከሰኩት፣ ወይም ሁሉም ሰው እንጀራ በሚጋግርበትና መብራቱ በሚደክምበት ሰዓት ካስነሡት፣ መዞር አቅቶት ያጉረመርማል። ሁለት ሴኮንድ ካጉረመረመ ወዲያው ያጥፉት። ማሽኑን ከግድግዳው ሶኬት አጠገብ አድርጎ የአየር ቱቦውን ማስረዘም ይሻላል፤ ሁለት ቱቦ ቢቀጥሉ የሚያጡት ጥቂት አየር ነው፣ ገመድ ቢቀጥሉ ግን ሞተሩን ሊያጡ ይችላሉ። ማራዘሚያ የግድ ከሆነ ሽቦው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ ከተጠቀለለበትም ሙሉ በሙሉ ይፍቱት።

የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። የአየሩን አፍ ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጆች፣ ለቀልድም ቢሆን አያዙሩ፤ ልብስዎ ላይ ያለውን አቧራም በርሱ አያራግፉ። የተጨመቀ አየር በትንሽ ቁስል በኩል ከቆዳ ሥር ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለጽዳት የሚውል አየር ከ30 ፒኤስአይ በታች እንዲሆን ያዛል። ይህችን ቁጥር እኔም ለቤቴ ሕግ አድርጌያታለሁ፤ ለማንኛውም አቧራ ጠረጋ 2 ባር ይበቃል።

ብስክሌት፦ ጎማ መንፋት

መጀመሪያ ቫልቩን ይለዩ። እንደ መኪና ጎማ ወፈር ያለው ዓይነት ከኮምፕሬሰሩ አፍ ጋር በቀጥታ ይገጥማል። ቀጭንና ረዘም ያለው፣ ጫፉ ላይ የምትፈታ ትንሽ ብሎን ያለችው፣ የእሽቅድምድም ብስክሌቶች ቫልቭ ናት። ብሎኗን ላላ አድርገው በጣትዎ አንዴ ጫን ይበሏትና የናስ መለወጫ ያስሩባት። ሦስተኛው ዓይነት በአሮጌዎቹ ባለ ጥቁር ቀለም የቻይናና የህንድ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ነው፤ ውስጡ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ የለበሰች ዘንግ አለችው። ይኼኛው አየር ያስገባል እንጂ ወደ ኋላ ስለማይመልስ፣ መለኪያዎ የሚያሳየው በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት እንጂ በጎማው ውስጥ ያለውን አይደለም። ለርሱ አውራ ጣትዎን ይመኑ። ላስቲኳ ከደረቀች ደግሞ ምንም ቢነፉ አየር አይይዝም፤ ጎማው ተበስቷል ብለው ከመፍታትዎ በፊት እርሷን ይቀይሩ።

ከዚያ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ልክ ስለሚያመለክት እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ለኮረኮንች መንገድ የሚሆን ወፍራም ጎማ ከ30 እስከ 50 ፒኤስአይ ይበቃዋል። የልጆች ብስክሌት ከ20 እስከ 35፤ ቀጭኑ የእሽቅድምድም ጎማ ደግሞ እንደ ተሳፋሪው ክብደት ከ80 እስከ 100። የኋላው ጎማ ብዙ ክብደት ስለሚሸከም ከፊተኛው ጥቂት ይጨመርለት።

አሁን ወደ ሥራው፦

1. መቆጣጠሪያውን ከሚፈልጉት ግፊት በ5 ፒኤስአይ ብቻ ከፍ አድርገው ያቁሙት። 40 ከፈለጉ 45፤ ማለትም 3 ባር ገደማ።

2. ጎማው ከቸርኬው ወልቆ የነበረ ከሆነ ለአንድ ሴኮንድ ብቻ ይንፉና ያቁሙ። ቸርኬውን ቀስ ብለው እያዞሩ በሁለቱም ጎን ይመልከቱ። ጎማው ላይ ዙሪያውን የምትታይ ቀጭን መስመር አለች፤ ከቸርኬው ጠርዝ እኩል መራቅ አለባት። በአንድ ቦታ ከሰመጠች ወይም ከወጣች አየሩን አስወጥተው በእጅዎ ያስተካክሉ። ካላማዳሪው ከጎማው ጠርዝ ሥር አለመቆንጠጡንም ይዩ።

3. ከዚያ አንድ አንድ ሴኮንድ እየሰጡ፣ በመካከሉ እየለኩ ይቀጥሉ።

ሁለተኛዋን ደረጃ የተማርኩት በጆሮዬ ነው። የጎረቤት ልጅ ብስክሌት ይዞ መጣ፤ ቸኩዬ መቆጣጠሪያውን በ8 ባር እንዳለ ለቀቅሁት። ካላማዳሪው በጎን በኩል እንደ ፊኛ ወጣና ፈነዳ። ልጁ ሳቀ፤ እኔ እስከ ማታ ድረስ ጆሮዬ ጮኸ፤ አዲስ ካላማዳሪም ገዛሁለት። ምክንያቱ በስሌት ግልጽ ነው። ቀጭን የእሽቅድምድም ጎማ ውስጡ አንድ ሊትር ያህል ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ወፍራሙ አራት አይሞላም። 24 ሊትር ታንከር ለእንዲህ ዓይነቱ ጎማ ጎርፍ ማለት ነው።

ይኸው ስሌት መልካም ጎንም አለው። ታንከሩ 8 ባር ላይ ሞልቶ መብራት ቢጠፋ፣ እስከ 4 ባር ድረስ እስኪወርድ ብቻ ሰባት ያህል ወፍራም የብስክሌት ጎማዎችን መንፋት ይችላል። መብራት እንደሚጠፋ በተነገረ ምሽት ታንከሩን ሞልቼ አድራለሁ። ለሳምንታት ሞልቶ ማስቀመጥ ግን አይመከርም።

የተበሳ ካላማዳሪ

ካላማዳሪውን አውጥተው ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ይንፉት፤ ያለ ጎማ እላዩ ላይ ግፊት አይጨምሩ። በውሃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከሩ አረፋ የሚወጣበትን ያግኙና ምልክት ያድርጉ። ቦታውን በ1 ባር አየር ያድርቁት፤ እርጥብ ላስቲክ ማስቲሽ አይይዝም። በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ስስ ማስቲሽ ይቀቡ፤ ከዚያ ይጠብቁ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማስቲሹ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን፣ አምስት ደቂቃ ገደማ፣ ይተዉት፤ ከዚያ መለጠፊያውን አስቀምጠው አጥብቀው ይጫኑ።

ቀዳዳው ያለበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ እሾህ አይደለም፤ ጎማው አየር ጎድሎት ሳለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቸርኬው ነክሶታል ማለት ነው። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ወደ ቸርኬው ፊት ከሆነ የራጂ (የቸርኬው ቀጭን ዘንግ) ጫፍ ወግቶታል፤ በቸርኬው ላይ የተጠመጠመውን ላስቲክ ያስተካክሉ። በውጭ በኩል ከሆነ እሾሁ ወይም ሚስማሩ ጎማው ውስጥ እንደተሰካ ሊኖር ስለሚችል ጨርቅ ይዘው የጎማውን ውስጥ ይጥረጉ። ጨርቁ ይይዘዋል፤ ጣትዎንም ያተርፋሉ።

ካቴና፣ ፍሬንና የመሪ እጀታ

ካቴናውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ ያጥቡት። ከኋላው ጨርቅ ይዘው በ2 ባር አየር ከውስጥ ወደ ውጭ ይንፉት፤ በየመጋጠሚያው የተደበቀው ጋዝና አሸዋ ይወጣል። ይህን ሥራ ውጭ፣ ከከሰል ምድጃ ርቀው ይሥሩ፤ ኮምፕሬሰሩንም ቱቦው እስከፈቀደ ድረስ ያርቁት። በአየር የተበተነ ነጭ ጋዝ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ከደረቀ በኋላ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ያስርጉት፤ ከዚያ የውጩን በጨርቅ ደህና አድርገው ይጥረጉ። በውጭ የቀረ ዘይት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አውቃለሁ፤ በውስጡ የብረት ብናኝ ስላለ ካቴናውን ቀስ በቀስ ይሞርደዋል።

አየሩን ፈጽሞ የማያዞሩባቸው ቦታዎች አሉ፦ የቸርኬው መካከል፣ የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት፣ የመሪው አንገት። እነዚህ ሁሉ ኩሽኔታና ግራሶ የያዙ ናቸው። አየሩ አሸዋውን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ግራሶውን ያስወጣል። የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ከሆነም ዲስኩን አይንፉት፤ ዘይት የሚጠቀም ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ጥቂት ዘይት ስለሚያወጣ ፍሬኑ መያዝ ሊያቅተው ይችላል።

የጠጠረ የፍሬን ገመድ ካለ የውስጡን ሽቦ ያውጡ። የአየር መርጫውን በሽፋኑ አንድ ጫፍ ላይ አጥብቀው ይዘው በ3 ባር ይንፉ። በሌላው ጫፍ የሚወጣውን ዝገት ሲያዩ ፍሬኑ ለምን እንደጠጠረ ይገባዎታል። ሁለት ጠብታ ዘይት ጨምረው፣ በቀስታ አንዴ ነፍተው ሽቦውን ይመልሱ። ሽቦው ጫፉ ላይ ተበትኖ ከሆነ ግን አዲስ ይግዙ።

ከሁሉም የምወደው የመሪውን እጀታ ላስቲክ ማውለቅ ነው። ሰው በቢላዋ ቀድዶ ያወጣዋል፣ ወይም በሳሙና ሲታገል ይውላል። የአየር መርጫውን ቀጭን አፍ በላስቲኩና በብረቱ መካከል ሸጎጥ ያድርጉና በ4 ባር አየር እየለቀቁ ላስቲኩን ያዙሩት፤ ይነፋና በአየር ላይ እንደሚንሳፈፍ ሆኖ ይንሸራተታል። ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ከሆነ በዚያው በኩል መንፋትም ይሠራል። በእጅዎ ይዘውት ይሁን፤ ሊወረወር ይችላል። ሲመልሱትም እንዲሁ ያድርጉ፤ አየሩን ሲያቆሙ ላስቲኩ ብረቱን ጨምቆ ይይዛል። ዘይት ከቀቡት ግን ቁልቁለት ላይ ሳሉ እጅዎ ውስጥ ይቀራል።

መኪናና ኳስ

የመኪና ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ላይ ያለው ቁጥር የጎማው ከፍተኛ ልክ ነው። አንድ የሚገርም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ የተነፋ ጎማ ከባሕር ጠለል 500 ሜትር እንኳ ወደማይሞላው ሰመራ ሲወርድ፣ የውጩ አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ 3 ፒኤስአይ ያህል ይጎድላል። የሰመራ ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል ይመልስለታል! ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይለኩና ያስተካክሉ።

ለእግር ኳስ መቆጣጠሪያውን 1 ባር ላይ ያውርዱት። የጨዋታው ሕግ የሚፈቅደው ከ0.6 እስከ 1.1 ባር ነው። መርፌውን በውሃ ሳያርሱ አያስገቡ፤ ደረቅ መርፌ የቫልቩን ላስቲክ ይቀድዳል።

አቧራ

ከስፌት ማሽን እንጀምር፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ መርፌውን ያውጡ፣ የታችኛውን ክር መያዣ ከነሳጥኑ ያስወግዱ። የተከማቸውን የክር ብናኝ መጀመሪያ በብሩሽ ያውጡ፤ ከዚያ በ1.5 ባር ከውስጥ ወደ ውጭ ይንፉ። ብሩሹን ዘልለው ቢነፉ ብናኙ ወደ ማርሹ ይገባል። በመጨረሻ ዘይት ጠብ ጠብ ያድርጉና በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፍተው ትርፉን ያስወጡ።

ኮምፒውተር ከሆነ አጥፍተው፣ ነቅለው፣ ውጭ ያውጡት። መጀመሪያ አየሩን ለጥቂት ሴኮንድ ወደ ባዶ ቦታ ይልቀቁ፤ ቱቦው ውስጥ ውሃ ካለ ይውጣ። ማራገቢያዎቹን በእንጨት ስንጥር አስደግፈው ያቁሟቸው፤ በአየር ኃይል ከልካቸው በላይ ቢሽከረከሩ ይሰበራሉ። በ2 ባር፣ ከአንድ ስንዝር ርቀት፣ አጭር አጭር አድርገው ይንፉ።

የመኪናና የጄነሬተር የወረቀት አየር ማጣሪያ ሁልጊዜ ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ይነፋል፣ ያውም ከአንድ ስንዝር ርቀት። ወረቀቱን አምፖል ላይ ይዘው ሲያዩ ቀዳዳ ከታየ ይጣላል። የፍሪጅ የኋላ መረብም በዓመት ሁለቴ ቢነፋ ሞተሩ እፎይ ይላል። የአሮጌ መኪና ፍሬን አቧራን ግን አይንፉ፤ አስቤስቶስ (ሲተነፍሱት ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ቀለም

እዚህ ላይ ተስፋዎን ልክ ማድረግ ይገባል። የቀለም መርጫ አየር ይበላል፤ ባለ 24 ሊትር ማሽን የመስኮት ፍርግርግ፣ የብስክሌት ፍሬም፣ ወንበር ይቀባል። ሙሉ መኪና አይቀባም። የግቢዬን በር ቀብቼበታለሁ፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አነስተኛ ማሽን አሥር ደቂቃ ከሠራ አሥር ደቂቃ ማረፍ አለበት።

ዝገቱን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ያስለቅቁ፣ አቧራውን ይንፉ፣ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ፀረ ዝገት ይቀቡ። የዘይት ቀለሙን በአኳራጅ ያቅጥኑ፤ እንጨት ነክረው ሲያነሡት ሳይቆራረጥ እንደ ክር ከወረደ ልክ ነው። አጥልለው መርጫው ውስጥ ይጨምሩ። ከ2 እስከ 3 ባር ያቁሙና መጀመሪያ ካርቶን ላይ ይሞክሩ። ከአንድ ስንዝር ርቀት እጅዎን ከዕቃው እኩል ያንቀሳቅሱ፤ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይሸፍን። አንድ ወፍራም ቅብ ይወርዳል፣ ሦስት ስስ ቅብ ግን ያምራል። የአፍና የአፍንጫ መከላከያ አይርሱ፤ የጎረቤት ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ከሆነም ሌላ ቀን ይሁን።

ሥራው ሲያልቅ

አየር ሲጨመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታንከሩ ሥር ይቀራል። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከእኔ ማሽን ከአንድ ስኒ ያላነሰ የሚወጣበት ቀን አለ። ማሽኑን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ግፊቱን ወደ 1 ባር ያውርዱ፤ ከዚያ የውሃ ማስወገጃውን በጥቂቱ ይክፈቱ። ሙሉ ግፊት እያለ ከከፈቱት ቡናማው ውሃ ሱሪዎ ላይ ነው የሚያርፈው። ታንከሩን ወደ ማስወገጃው ዘንበል አድርገው እስኪደርቅ ይተዉት።

አየር የሚያፈስ ከመሰለዎት በሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹን ይቀቡ፤ አረፋ የሚያወጣውን ፈትተው ቴፍሎን ጠምጥመው ይመልሱ። የሚያፈሰው መጋጠሚያው ሳይሆን ራሱ የታንከሩ ብረት ከሆነ ግን በብየዳ አያስለጥፉት። ከውስጥ የዛገ ታንከር በአንድ ቦታ ቀዳዳ ከታየበት ሌላውም ቦታ ሳስቷል፤ ሞተሩን ነቅለው ሌላ ታንከር ይፈልጉለት።